ከሜልበርን እስከ ኡሉሩ በመኪና፦ በየትኛው ወር፣ በስንት ቀን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምንኖረው ሜልበርን ነው። እናቴ በሜይ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አብራን ትቆያለች። 67 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች እንጂ ደህና ናት። እሷን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን (7 እና 10 ዓመት) ይዤ በመኪና ኡሉሩ፣ መሀል በረሃው ውስጥ ያለው ትልቁ ቀይ አለት ድረስ ሄደን ለመመለስ አስበናል። መኪናችን የ2014 ቶዮታ ክሉገር ነው፤ ፎር ዊል አይደለም። በገና ሰሞን በ8 ቀን ልንጨርሰው ነበር ሐሳባችን። ጓደኞቼ ሙቀቱን ለማምለጥ ሌሊት ንዱ ይሉናል። ምን ትመክረናለህ? ምንስ እንያዝ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ልንገርህ። በገና ሰሞን አትሂዱ፤ በጁላይ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሂዱ። 8 ቀን አይበቃችሁም፤ ቢያንስ 12፣ ቢቻል 14 ቀን ያዙ። መኪናችሁ ይበቃል። ሌሊት ግን በምንም ተአምር አትንዱ።

ለ12 ዓመት በዚያ መንገድ ላይ እንጀራዬን በልቻለሁ። ከአዴሌይድ መሀል በረሃው ላይ ወዳለችው ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማና ወደ ኡሉሩ ጎብኚ የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንይ። ከሜልበርን አዴሌይድ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደመሄድ በለው። ከአዴሌይድ ፖርት ኦጋስታ 310 ነው። ስቱዋርት ሀይዌይ የሚጀምረው እዚያ ነው። አገሩን ለሁለት ሰንጥቆ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዳርዊን ይገባል። ስሙ የተወሰደው በ1862 አህጉሩን ከደቡብ ተነስቶ ሰሜን ጠረፍ ድረስ ካቋረጠው ከጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት የሆነው ግን በ1987 ነው። እናንተ ዳርዊን አትደርሱም። ኤርልዳንዳ የምትባል መገንጠያ ላይ ወደ ግራ ትታጠፉና 245 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ዩላራ ትገባላችሁ። ማደሪያው እዚያ ነው፤ ኡሉሩ ከዚያ ቅርብ ነው።

ሲደመር ከቤታችሁ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ደርሶ መልስ 4,600። ለ8 ቀን አካፍለው፤ በቀን 575 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም አንድም ቀን ሳታርፉ። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ የሚያስታውሱት የፊት ወንበሩን ጀርባ ብቻ ነው። እናትህም እግራቸው አብጦ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ወሩ። የአውስትራሊያ ክረምት ከአገራችን ክረምት ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ የመሀል አገሩ ክረምት ደረቅ መሆኑ ነው። በጁላይ አሊስ ስፕሪንግስ ቀን ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ይቆነድዳል፤ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። «በረሃ ነው» ብለው ቲሸርት ብቻ ይዘው መጥተው ጠዋት ሲንቀጠቀጡ ያየኋቸው ጎብኚዎች ቁጥር የላቸውም። እናትህ ጋቢያቸውን ይያዙ። ለልጆቹም ወፍራም ሹራብና ኮፍያ ይኑር።

በጃንዋሪ ነገሩ ሌላ ነው። የአሊስ ስፕሪንግስ የተለመደ የቀን ሙቀት 36 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ40 የሚያልፍባቸው ቀናትም አሉ። ከስቱዋርት ሀይዌይ በስተምሥራቅ ያለችው ኡድናዳታ በ1960 50.7 ዲግሪ የተመዘገበባት ከተማ ናት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የ67 ዓመት እናት ይዘህ እንዲህ ባለ ሙቀት መንገድ ዳር መቆም አትፈልግም። መኪናው አይበላሽ ይሆናል። ጎማ ግን ሊፈነዳ ይችላል፣ ጎማ መቀየር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዝንቡን አልጨመርኩልህም። ለገና ፈቃድ የሚሰጥህ አለቃህ በጁላይ እንዲሰጥህ ከአሁኑ ለምነው። ካልሆነ በገና አትንዱ፤ በአውሮፕላን ዩላራ ወርዳችሁ ለሁለት ቀን ጎብኝታችሁ ተመለሱ።

ስለ ሌሊቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ጓደኞችህ በቅንነት ነው የመከሩህ፣ ግን ከዚህ የባሰ ምክር አላውቅም።

ያ አገር አጥር የለውም ማለት ይቻላል። የከብት እርባታው ስፋት ወረዳ የሚያህል ነው፤ ላሞቹ አስፋልቱን አቋርጠው ነው ውሃ የሚጠጡት። ካንጋሮ ቀን ጥላ ሥር ይተኛል፤ ፀሐይ ስትጠልቅና ሊነጋ ሲል ይወጣል። ማታ አስፋልቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ ላሞች መሀሉ ላይ ይተኛሉ። ግመልም አለ። ግመሎቹ በ1800ዎቹ ዕቃ እንዲጭኑ በመርከብ የመጡት ዘሮች ናቸው፤ ባቡርና መኪና ሲመጣ ወደ በረሃ ተለቀቁ። ከእኛ አገር ግመል የሚለያቸው እረኛ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከማርላ ወደ ኩልጌራ እየሄድኩ ነበር። ተሳፋሪ አልነበረኝም። ፀሐይ ከጠለቀች 20 ደቂቃ ቢሆናት ነው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኩ። ሰማዩ ገና ቀይ ነበር፣ መንገዱ ግን ጨልሟል። ፓውዛው ውስጥ አራት ጥቁር እግሮች አየሁ። ገላው አይታይም፣ እግሩ ብቻ። ጥቁር በሬ ጨለማ ውስጥ እንዲህ ነው የሚታይህ፤ ዓይኑም ወደ አንተ ካልዞረ አያበራም። ፍሬን ረገጥኩ፣ መሪውን ሳላንቀሳቅስ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። የቆምኩት ከበሬው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ የነዳሁበት ቀን የለም፤ ተሳፋሪ ቢጮኽብኝም።

እንስሳ ድንገት ቢገባብህ ፍሬን ያዝ እንጂ መሪ አትጠምዝዝ። በዚያ ፍጥነት መሪ የጠመዘዘ ሰው መኪናው ይገለበጣል። በመኪና ገጭቶ ካንጋሮ መጣል ያሳዝናል፣ ኮፈኑም ይጨረማመታል። መገልበጥ ግን አምስታችሁንም ይጨርሳል። ምናልባት የራስህን ትተህ መኪና የምትከራይ ከሆነ ውሉን አንብብ፤ ብዙ አከራዮች ከከተማ ውጭ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የደረሰን ጉዳት ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ይላሉ። ፒስታ መንገድ ላይ የደረሰንም እንዲሁ።

ስለዚህ የቀኑ ሰዓት እንዲህ ይሁን። በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሱ፣ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ግቡ። በጁላይ እዚያ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የምትጠልቀው ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ዕቅዱን በዚህ ብርሃን ላይ ሥራው፤ ኪሎ ሜትሩ ለዚህ ይገዛ። 10 ሰዓት ላይ ያላሰባችሁበት ቦታ ከደረሳችሁ እዚያው እደሩ። ማደሪያ ቀድማችሁ ብትይዙም ገንዘቡ ይቅር።

እኔ ብሆን እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አዴሌይድ። በሁለተኛው ቀን ፖርት ኦጋስታ ብቻ፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ ገዝታችሁ መኪናውን ፈትሹ። በሦስተኛው ቀን ኩበር ፒዲ፣ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ ኤርልዳንዳ፣ 490 ገደማ። በማግሥቱ ቀለል ያለ ቀን ነው፣ ዩላራ ትገባላችሁ። ዩላራ ሦስት ሌሊት። ማደሪያ የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ በጁላይ ይሞላል፤ ወራት ቀድማችሁ ያዙ። ስትመለሱ በሄዳችሁበት ነው፣ ግን አንዱን ዕረፍት መቀነስ ትችላላችሁ።

ነዳጅ። ግማሽ ሲሆን ሙላ፣ ሩብ እስኪሆን አትጠብቅ። ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ ባለው 250 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድም ማደያ የለም። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም። ማደያዎቹ ባለቤት ሲቀይሩ ወይም ሲታደሱ ሊዘጉ ስለሚችሉ ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ወደ ሰሜን ስትገቡ ቤንዚኑ ላይ «ኦፓል» ወይም «ሎው አሮማቲክ» የሚል ጽሑፍ ታያለህ። አትደንግጥ፣ መኪናህ በሰላም ይነዳበታል። ከ2005 ጀምሮ የገባው በየመንደሩ ቤንዚን እያሸተቱ የሚሞቱትን ወጣቶች ለማዳን ነው። ሽታው እንዳያሰክር ተደርጎ የተሠራ ነው። ነዳጅ ስትቀዳ ይህን ለልጆችህ ብትነግራቸው ጥሩ ነው።

ሮድ ትሬን የሚሉት ከባድ መኪና ደግሞ አለ። የእኛ አገር ተሳቢ አንድ ነው፤ እዚያ ሦስትና አራት ተሳቢ ይጎትታል። ርዝመቱ እስከ 53.5 ሜትር ይደርሳል። ደርቦ ማለፍ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በሳውዝ አውስትራሊያ የፍጥነት ወሰንህ 110 ነው። እሱ በ100 የሚሄድ ከሆነ ልዩነታችሁ በሰከንድ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኋላው ወጥተህ፣ ርዝመቱን ጨርሰህ፣ በቂ ርቀት ትተህ እስክትገባ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ በሌላው ሰው መስመር ላይ ነህ። ከፊት የሚመጣ መኪናም በዚያው ደቂቃ የዚያኑ ያህል ይቀርብሃል፤ ስለዚህ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ጥርት ብሎ ካልታየህ አትውጣ። ራቅ ብለህ ተከተለው፣ መስታወቱን ማየት ካልቻልክ እሱም አያይህም። ቸኩሎ መግባትም አደጋ ነው፤ ሁለቱም ፓውዛዎቹ በመስታወትህ ውስጥ እስኪታዩ ጠብቅ። ከፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ መሪውን በሁለት እጅህ ጠበቅ አድርገህ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በል። ንፋሱ መኪናህን ይገፋል፣ ጠጠርም ይረጫል። ድንበሩን አልፋችሁ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ስትገቡ ወሰኑ 130 ይሆናል። የተፈቀደ ሁሉ ግን አይነዳም፤ ሙሉ ጭነት ይዘህ 110 ላይ ሁን።

የሞተ ካንጋሮ አስፋልት ላይ ስታይ ፍጥነት ቀንስ። ላዩ ላይ ትልቅ ንስር ይኖራል። ጠግቦ ስለሚከብደው ቶሎ አይነሳም፤ አንዳንዴ ወደ መኪናው አቅጣጫ ነው የሚበረው። የፊት መስታወት የሰበረ ንስር አይቻለሁ።

ስለ መኪናው። እስከ ኡሉሩ ያለው ሁሉ አስፋልት ነው፣ ስለዚህ ክሉገርህ ምንም አይጎድለውም። ከአስፋልት ግን አትውጣ። አንዱ ምክንያት ፒስታው ላይ አሸዋና ኮረኮንች ስላለ ነው። ሌላው ደግሞ ከመንገዱ ውጭ ያለው መሬት ባለቤት አለው። ገሚሱ የአቦርጂናል ሕዝቦች መሬት ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ከፒምባ በኋላ ያለው ሰፊ ቦታ ደግሞ የዎሜራ የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ክልል ነው፤ መንገዱ በውስጡ ያልፋል፣ ከመንገዱ መውጣት ግን ክልክል ነው።

ከመነሳትህ ሁለት ሳምንት በፊት መካኒክ ዘንድ ውሰደው። በመጨረሻው ቀን አይደለም፣ ዕቃ ቢጠፋ ጊዜ ይኑርህ። ኩላንት፣ ቺንጋ፣ ባትሪና ፍሬን ይታዩ። የስኮርት ጎማህን አውጥተህ እይ፤ ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ ሙሉ ጎማ ፈልገህ ያዝ። በዚያ ቀጭን ጎማ በ80 ፍጥነት 200 ኪሎ ሜትር መሄድ አትፈልግም። ክሪክህን ደግሞ ቤትህ በር ላይ ሞክረው። የብዙ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። የመንገዱ ዳር ቀይ አፈር ነው፤ ክሪኩ መኪናውን ሳይሆን ራሱን ወደ ታች ይገፋል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር በሠላሳ የሆነ ወፍራም ጣውላ ቆርጠህ ከክሪኩ ሥር የምታደርገው ያዝ። ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ፈታ አድርግ፣ ከዚያ አንሳው። ልጆቹና እናትህ ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ።

የመንገድ ላይ እርዳታ አባልነት ካለህ ደውለህ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጎትቱልህ ጠይቅ። መደበኛው አባልነት እዚያ ርቀት ላይ ብዙ አይረዳም። ለአንድ ዓመት ከፍ ያለውን ግዛ።

መኪናው ቢቆምስ? ይህን ባለቤትህም እናትህም ልጆቹም ይወቁት፦ ከመኪናው ማንም አይሄድም። በስቱዋርት ሀይዌይ ላይ ከሆናችሁ ሰው ያልፋል፣ ያቆምላችኋልም። ኮፈኑን ክፈቱና በጥላው በኩል ተቀመጡ። በዚያ አገር የሞቱት ብዙዎቹ መኪናቸውን ትተው በእግር የሄዱ ናቸው፤ መኪናው ቀድሞ ሲገኝ ሰውየው ዘግይቶ ነው የሚገኘው። ከአውሮፕላን ላይ መኪና ይታያል፣ ሰው ግን አይታይም።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 10 ሊትር ሒሳብ ያዝ፤ ለአምስት ሰው ለአንድ ቀን 50 ሊትር። በአንድ ትልቅ ጀሪካን አታድርገው፣ ቢቀደድ ሁሉም ይፈሳል። በየ10 ሊትሩ ከፋፍለው። በየማደሪያው መሙላት ትችላለህ።

ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። አያቶቻችን ለመንገድ ያዘጋጁት ስንቅ ለዚህ በረሃ የተሠራ ይመስላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፤ ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይበላሽም። እናትህ ይህን ሥራ ይውሰዱት፣ ደስ ይላቸዋል። እኔ ከመሪው አጠገብ በሶ በማር የተበጠበጠበት ጠርሙስ አጥቼ አላውቅም። ፍራፍሬና አትክልት ግን ከቪክቶሪያ ይዛችሁ አትነሱ። ሳውዝ አውስትራሊያ የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይገባ ጥብቅ ቁጥጥር አላት፣ ቅጣትም አለው። አዴሌይድ ስትደርሱ ግዙ።

ስልክ። ከከተማ ከወጣህ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኔትወርክ ይጠፋል። ሲኖርም ከሌላው በተሻለ የሚሠራው ቴልስትራ ነው። አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካለህ አደጋ ሲያጋጥም በሳተላይት መልእክት መላክ ይችላል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ይሠራል። ከቤት ሳትወጡ መሞከሪያውን ክፈትና ተለማመደው። ባይኖርህ ፒ ኤል ቢ የሚባለውን ትንሽ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ተከራይ፤ ሲነካ ያለህበትን ቦታ በሳተላይት ይልካል። በየማታው ደግሞ ሜልበርን ላለ አንድ ሰው «ደርሰናል» በሉ። በሰዓቱ ካልደወላችሁ ለፖሊስ የሚደውል ሰው ይሁን።

ስለ እናትህ ሁለት ነገር ልጨምር። በየሁለት ሰዓቱ መኪና አቁምና አሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ ብዙ መቀመጥ ለእግራቸው ደም ዝውውር ጥሩ አይደለም። መድኃኒታቸውን ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ይያዙ፣ የሐኪም ወረቀቱም አብሮ ይሁን። በጎብኚ ቪዛ የመጡ ኢትዮጵያውያን ሜዲኬር ስለሌላቸው የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ይግዙላቸው። ይህን ከሜልበርን ሳትወጡ ጨርሱት። በመንገድ ላይ ከአስፋልቱ ላይ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ የሚመስል ወፍራም ነጭ መስመር ታያላችሁ። በእርግጥም ማኮብኮቢያ ነው። በ1928 የተጀመረው በራሪ ሐኪሞች የሚባለው አገልግሎት ችግር ሲገጥም አውሮፕላኑን የሚያሳርፍበት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ በጣም ይደሰታሉ።

ኩበር ፒዲ ሁለት ሌሊት እደሩ ያልኩህ ለድካም ብቻ ብዬ አይደለም። በ1915 ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘባት፣ ሰዎች ሙቀቱን ለመሸሽ ቤታቸውን ኮረብታ ውስጥ ፈለፈሉ። ውጭው ይንደድ ይቀዝቅዝ ውስጡ 23፣ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማደሪያችሁን የግድ ከመሬት በታች ያዙ። በከተማዋ ውስጥ የሰርብ ኦርቶዶክሶች ከአለት ፈልፍለው የሠሩት የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደረጃውን ስትወርዱ ግድግዳው ላይ የመቆፈሪያ ማሽኑ የተወው ክብ ክብ ጭረት ይታያል፤ ጣታችሁን ብታሳርፉበት ሸካራ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት አብረውኝ ነበሩ። ጫማቸውን ደጁ ላይ አወለቁ። ማንም አውልቁ አላላቸውም። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና «ላሊበላ ደረስኩ» ብለው አለቀሱ። እናትህን እዚያ ሳትወስዳቸው እንዳታልፍ፣ አደራ።

ወደ ዩላራ ስትሄዱ ከሩቅ በስተግራ ጠፍጣፋ ትልቅ ተራራ ይታያል። ልጆቹ «ኡሉሩ!» ብለው ይጮሃሉ። እሱ ግን ማውንት ኮነር ነው፤ ገና ሰዓት ተኩል ያህል ይቀራችኋል።

ኡሉሩ ላይ መውጣት አይቻልም። መሬቱ በኦክቶበር 1985 ለጥንት ባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ተመለሰ፤ ለእነሱ የተቀደሰ ቦታ ነው። ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ መውጣት ተከልክሏል። ዙሪያውን መራመድ ይቻላል፤ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከ7 ዓመት ልጅ ጋር ከባድ ስለሚሆን አንተና ትልቁ ልጅ ብቻችሁን በጠዋት ሂዱ። ለጥቂት ቦታዎች ፎቶ አታንሱ የሚል ጽሑፍ አለ፣ አክብሩት። ለእናትህ ግን ሙቲጁሉ ወደሚባለው የውሃ ጉድጓድ የሚወስደው አጭር መንገድ አለ። ደርሶ መልስ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበርም ይኬዳል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ውሰዳቸው። አለቱ ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ይወርዳል፣ ወፎች ይንጫጫሉ። መጨረሻው ላይ መቀመጫ አለ፤ ጋቢያቸውን ደርበው እዚያ ይቀመጡ፣ ቆሎውንም ያውጡ።